መድኃኒቱ ከዛፍ ከተገኘ፣ ዛፉን ራሱን ቀቅሎ መጠጣት ለምን አይሆንም?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የአንጀት ካንሰር ተገኝቶባት ኢሪኖቴካን ያለበት ኪሞቴራፒ ጀምራለች። ሐኪሟ የመድኃኒቱ መነሻ አንድ የቻይና ዛፍ ነው ቢሏት፣ ዘመድ ሁሉ «እንግዲያ ተክሉን ራሱን ብትጠጣ ይሻላል፣ ኬሚካል የለበትም» ብሎ ተነሣ። አንዱማ የቅጠል ዱቄት አስመጥቶ መጣ። ልቤ አልተቀበለውም፤ የምመልሰው ግን አጣሁ። መድኃኒቱን የሠሩት ሰዎች ተፈጥሮ የሰጠውን መቀየር ለምን አስፈለጋቸው?

የላብራቶሪ ሰው፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ጥሬው ተሞክሮ ነበር፣ ይህን ንገሪያቸው። ከዛፉ ካምፕቶቴሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡት ዎል እና ዋኒ የተባሉ ኬሚስቶች በአሜሪካ ሲሆኑ ዘመኑም 1966 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ)። ካንሰር ይገድላል፤ ውሃ ውስጥ ግን አይሟሟም። በደም ሥር ለመስጠት ሲሉ ወደ ጨው ለወጡት። ያን ጊዜ ሞለኪውሉ ላይ ያለ አንድ ቀለበት ተከፈተ፣ ኃይሉም ደከመ። ይባስ ብሎ ፊኛ ውስጥ ሲደርስ፣ ሽንት አሲድነት ስላለው ቀለበቱ መልሶ ይዘጋና ፊኛውን ያቆስላል፤ ደም የሸኑ ታካሚዎች ነበሩ። ሙከራው በ1970ዎቹ ቆመ።

ኢሪኖቴካን ያ የወደቀው ነገር ተጠግኖ ነው። በውሃ እንዲሟሟ የሚያደርግ ቁራጭ ተቀጠለበት፤ ሰውነት ውስጥ ኢንዛይም ቁራጩን ሲቆርጠው ኤስኤን 38 የሚባለው ብርቱው ይወጣል። በአሜሪካ የተፈቀደው በ1996 ነው።

ተጠራጣሪው፦ ይቅርታ፣ ከተክል የሚገኙት የካንሰር መድኃኒቶች ፓክሊታክሴልና ቪንክሪስቲን ሳይቀየሩ አይደል የሚሰጡት? «ሁሉም መለወጥ አለበት» ማለት ልክ አይመስለኝም።

የላብራቶሪ ሰው፦ ሁሉም አላልኩም፤ ነጥብህ ግን እውነት ነው። ፓክሊታክሴልም ቢሆን ተለይቶ፣ ነጥሮ፣ ተለክቶ ነው የሚሰጠው፤ ቅርፊት ተቀቅሎ አይደለም። ደግሞ ለውጥ ሲባል ማለዘብ ብቻ አይምሰልህ። ከሜይአፕል ተክል የሚወጣው ፖዶፊሎቶክሲን የሚያውከው ቲዩቡሊንን፣ ሴል ለመከፈል የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ነው። ስኳር ተጨምሮበት ኢቶፖሳይድ የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሲሆን ቲዩቡሊንን ትቶ ቶፖአይሶሜሬዝ 2 የተባለውን፣ የዲኤንኤን ጥምጥም የሚፈታ ኢንዛይም ያጠቃል። ዒላማው ራሱ ተቀየረ! እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

የኛም አገር ተክል አለበት፦ ማይታንሲን የተባለው ካንሰር ገዳይ ንጥረ ነገር በ1972 ይፋ ሲሆን የወጣው ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ቁጥቋጦ ነበር። ለብቻው ሲሰጥ መርዝነቱ ስለበዛ ተተወ። ኋላ ለውጠው ካንሰሩን ለይቶ ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አሰሩትና በ2013 ለአንድ ዓይነት የጡት ካንሰር ተፈቀደ።

ፋርማሲስት፦ ኬሚስትሪው ደስ ይላል፤ እኔን ያሳሰበኝ ዱቄቱ ነው። በአንድ ማንኪያ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ማንም አይነግርሽም። ካምፕቶቴሲን ካለበት፣ መቅኒንና አንጀትን በሚጎዳ መድኃኒት ላይ ሌላ መደረብ ነው። ከሌለበትም «ተክል ነው፣ ምን ይጎዳል» አይባልም። ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባለው ዕፅ ከኢሪኖቴካን ጋር ሲወሰድ፣ በአንድ አነስተኛ ጥናት ኤስኤን 38 በደም ውስጥ በ42 በመቶ ቀንሷል። መርፌውን ተወግቶ ጥቅሙን ማጣት ማለት ነው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ግን አንድ ያልነገርኳችሁ አለ፤ ትናንት ማታ አንድ ብርጭቆ አጠጥተዋታል። አሁን ደህና ነች።

ፋርማሲስት፦ ዛሬውኑ ለሕክምና ቡድኗ ደውዪ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቂ። ማሸጊያውን አትጣዪው፣ ይዘሽው ሂጂ። ሲጠይቁሽ መጠኑንና ሰዓቱን ንገሪያቸው። ተቅማጥ ከጀመራት ወይም ካተኮሳት ደግሞ ማታም ቢሆን ሆስፒታል ውሰጃት፤ ኢሪኖቴካን ብቻውን እንኳ ከባድ ተቅማጥ ያመጣል። ተቆጥተው ይናገሩኛል ብለሽ አትደብቂ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ አሁኑኑ እየደወልኩ ነው።