የምዕራቡ ግንባር ምሽጎች ለአራት ዓመት ያልተሰበሩት ለምን ነበር?

ታሪክ አንባቢ፦

ጤና ይስጥልኝ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።) በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ ከሴፕቴምበር 1914ቱ የማርን ውጊያ በኋላ፣ ተፋላሚዎቹ ከቤልጂየም የባሕር ዳርቻ እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቅ ምሽግ ቆፍረው እስከ 1918 ድረስ ከቦታቸው ብዙም ሳይነቃነቁ ተፋጠው ቆይተዋል። ብዙ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ የጄኔራሎቹን ግትርነት ያነሣል፤ ነገር ግን የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጀርመን አዛዦች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስተዋል ተነሥተው ነበር ማለት አይዋጥልኝም። መትረየስና የእሾህ ሽቦ ብቻ ይህን ያህል ጦር ማገድ ይችላሉን? እንዲህ ያለ ጦርነትስ ከዚያ በፊት አልታየም ነበር?

መድፈኛው፦

ግትርነት አልነበረም ባልልም ዋናው ምክንያት እሱ አይደለም። የመጀመሪያው የምሽግ መስመር በተደጋጋሚ ተሰብሯል፤ ያቃተው የተከፈተውን ቀዳዳ አስፍቶ ወደ ውስጥ መዝለቅ ነበር።

ማርች 10 ቀን 1915 በፈረንሳይዋ የኔቭ ሻፔል መንደር የሆነውን ይመልከቱ። እንግሊዞችና አብረዋቸው የተሰለፉት የሕንድ ወታደሮች ለ35 ደቂቃ ብቻ በመድፍ ከደበደቡ በኋላ መንደሩን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያዙ። በሰሜኑ ጫፍ ግን 400 ሜትር ያህል የሚሆን ምሽግ ሳይመታ ቀርቶ ስለነበር፣ እዚያ የተረፉት ጀርመኖች ወደ ሽቦው የተጠጋውን እግረኛ በመትረየስ አጨዱት። ከዚህ የባሰው የመልእክቱ ጉዳይ ነው። የስልክ መስመሩ በመድፍ ተበጣጥሷል፤ ወታደር ተሸክሞት የሚሄድ ሬዲዮ ገና አልነበረም፤ መልእክተኛው በእግሩ ወደ ኋላ ሮጦ፣ ትእዛዙም በዚያው መንገድ ተመልሶ ከፊት ያለው ጦር እንዲቀጥል እስኪነገረው ድረስ ቀኑ ወደ መምሸቱ ተቃረበ። ጀርመኖች እስከዚያው ድረስ ተጠባባቂ ጦር አምጥተው የኋላ መስመራቸውን አጠናክረው ጠበቁ። ከሦስት ቀን ውጊያ በኋላ የተገኘው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው መሬት ሲሆን፣ የአጥቂው ጉዳት ከ11 ሺህ ሰው በላይ ነበር።

ተከላካዩ አዲስ ጦር የሚያመጣው በባቡር ነው፤ አጥቂው ግን ራሱ በመድፍ ባረሰው ጭቃ ውስጥ ጥይቱንና መድፉን እየጎተተ በእግሩ ይጓዛል። ጥያቄዎ ውስጥ መትረየስና ሽቦ አሉ፤ እኔ ባቡርን እጨምርበታለሁ።

ከደሴ፦

ሁለተኛውን ጥያቄ በተመለከተ፣ በሚገባ ታይቷል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ፒተርስበርግ ላይ ከጁን 1864 እስከ ኤፕሪል 1865 ድረስ ምሽግ ለምሽግ ተፋጥጠዋል። በ1905ም ሩሲያና ጃፓን በሙክደን ሲዋጉ የአውሮፓ የጦር ታዛቢዎች በስፍራው ነበሩ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ ይዘውት የተመለሱት ትምህርት ጃፓኖች ያን ሁሉ ሰው ቢያጡም በማጥቃታቸው አሸንፈዋል የሚል መሆኑ ነው። ሆኖም በሁለቱም ቦታ ዞሮ ማጥቃት የሚቻልበት ጎን ነበረ፤ በፒተርስበርግ የሰሜኑ ጦር አዛዥ ግራንት መስመሩን ወደ ጎን እየለጠጠ የደቡቡን አዛዥ የሊን ጦር በረጅም መስመር ላይ አቅጥኖታል። በምዕራቡ ግንባር ግን አንዱ ጫፍ ባሕር፣ ሌላው ገለልተኛ አገር ስለሆነ የሚዞርበት ጎን አልነበረም።

ታሪክ አንባቢ፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የ1998–2000ው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ብዙ ጊዜ ከዚህ ጋር ይነጻጸራል፤ ይህ ልክ ነውን? በ1918ስ ምን ተለወጠ?

መድፈኛው፦

ንጽጽሩ በከፊል ይሠራል። መፋጠጡና በግልጽ ሜዳ ወደ ምሽግ መሮጡ ይመሳሰላል፤ ድንበሩ ግን 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም፣ የጦሩም ብዛት ከምዕራቡ ግንባር ጋር ስለማይተካከል፣ መስመሩን በየቦታው እኩል መሙላት አይቻልም ነበር። በሜይ 2000 የኢትዮጵያ ጦር በምዕራብ በኩል ጥሶ ባረንቱ መድረስ የቻለው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ 1918 ካነሡ፣ በማርች ጀርመኖች ለአምስት ሰዓት ያህል ብቻ በብዙ ሺህ መድፍ ደብድበው እስከ 60 ኪሎ ሜትር ዘልቀዋል፤ ነገር ግን ስንቅና መድፍ ሊከተላቸው አልቻለምና ቆሙ። ኦገስት 8 በአሚየን ያጠቁት እንግሊዞች፣ ፈረንሳዮች፣ አውስትራሊያውያንና ካናዳውያን ከ500 በላይ ታንክ አሰልፈዋል። ታንኩ ስሙ ገነነ እንጂ፣ በእኔ ግምት የሚበልጠው ሌላ ነገር ነው፤ መድፈኞቹ የጠላትን መድፍ ቦታ ከተኩሱ ድምፅና ከአየር ፎቶግራፍ አስቀድመው ለይተው፣ አንድም የማነጣጠሪያ ጥይት ሳይተኩሱ በድንገት ጀመሩ። ከዚያም ማጥቃቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲዳከም በዚያው ከመጋፋት ይልቅ አቁመው ሌላ ቦታ መቱ፤ እስከ ኖቬምበር ድረስ እንዲህ እያፈራረቁ ሲቀጥሉ የጀርመን ተጠባባቂ ጦር ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ሲሯሯጥ አለቀ።