አጥንቱ ድኗል ተባልኩ፣ እጄ ግን ሌሊት ሌሊት ይለበልበኛል

አናጺው ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ነው የምኖረው፣ እንጨት ሥራ ላይ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከኮምቦልቻ ስመለስ ሐረጎ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ተጋጨና ቀኝ ክርኔ ተሰበረ። በብረት ታሰረ፣ ገጠመ። ራጅ አንስተው «ድኗል፣ ጨርሰሃል» አሉኝ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ይለበልቡኛል፣ አንዳንዴ ከክርኔ ጀምሮ እስከ ጣቴ ጫፍ ይነዝረኛል። የሸሚዝ እጅጌ ሲነካኝ እንኳ አልችለውም። ሚስቴ ጋቢ ስትደርብልኝ እጄን አውጥቼ ነው የምተኛው። ቀን ሥራ ላይ ትንሽ እረሳዋለሁ። ሌሊት፣ በተለይ የጦሳ ብርድ ሲወርድ፣ እንቅልፍ የለም።

ዲክሎፌናክ በኪኒንም በመርፌም ሞክሬያለሁ፣ ያተረፍኩት የጨጓራ ማቃጠል ነው። ወጌሻ በቅቤ አሸኝ፣ ብሶብኝ አደረ። አሁን አንድ ሐኪም አሚትሪፕቲሊን አዘዘልኝ። ፋርማሲ ስሄድ ልጅቷ «የድብርት መድኃኒት ነው» አለችኝ። እናቴ ስትሰማ ደነገጠች። አብዷል ብለው ነው የሰጡኝ? እስካሁን አልጀመርኩትም።

ከህመሙ ይልቅ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ሰው ቁስል ካላየ አያምንም። «አጥንቱ ድኖ የለ እንዴ» ይሉኛል። ቁጣዬ ቀርቧል፣ የልጆቼ ጫወታ ሁሉ ይረብሸኛል፣ ጎረቤት ቡና ሲጠራኝም እየቀረሁ ነው። በዚህ ያለፈ ካለ እንዴት እንደቻለው ይንገረኝ።

ፊዚዮ ኮምቦልቻ፦
አብሽር ወንድሜ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ እንዲህ ያለ እጅ ብዙ ይመጣልኛል። አላበድክም፣ አላስመሰልክምም። በክርን ውስጠኛው በኩል አጥንቱን ታኮ የሚያልፍ አልናር የሚባል ነርቭ አለ፣ ክርናችን ጠርዝ ሲመታው የሚነዝረን እሱ ነው። የትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ግማሽ ስሜት የሚይዘው እሱ ስለሆነ የምትለው ቦታ ልክ ይገጥማል። ራጅ የሚያሳየው አጥንት ነው። ነርቭ አያሳይም። «ድኗል» ያሉህ አጥንቱን ነው።

የተጎዳ ነርቭ ማንም ሳይነካው የህመም መልእክት ይልካል። ይሄ ሲደጋገም አከርካሪና አንጎል ውስጥ ያለው መስመር ራሱ ይነቃና የእጅጌን ንክኪ እንኳ እንደ ህመም መቁጠር ይጀምራል። ዲክሎፌናክ የሚሠራው ብግነት ላይ ስለሆነ ለዚህ እምብዛም አይረዳም፣ ሲበዛ ደግሞ ኩላሊትም ይነካል። ነርቭ ሲያገግም በአማካይ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚያድገው። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብንለው ከዓመት በላይ ይፈጃል፣ ያውም መንገዱ ካልተዘጋበት። ስለዚህ ገና ነው ብለህ ተስፋ አትቁረጥ።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ ክርንህን አጥፈህ አትተኛ። ሲታጠፍ ነርቩ ይወጠራል። ፎጣ ጠቅልለህ ክርንህ ላይ ላላ አድርገህ እሰረው፣ እንቅልፍ ላይ እንዳትታጠፍ ይይዝሃል። በዚያ እጅ ስልክ ይዘህ ረጅም አታውራ፣ ጠረጴዛም ላይ አትደገፍበት። ከዚያ እጁን ከንክኪ ጋር ማላመድ አለ። መጀመሪያ በጥጥ፣ ስትለምደው በነጠላ ጫፍ፣ ከዚያ በፎጣ ቀስ አድርገህ ዳብሰው። ሳህን ላይ ጤፍ አፍስስና ጣቶችህን እውስጡ ቀብረህ አንቀሳቅስ፣ ጤፉ ካልከበደህ ወደ ስንዴ፣ ከዚያ ወደ ሽምብራ እለፍ። ጥቂት ጥቂት ደቂቃ፣ በቀን ደጋግመህ። ትንሽ ቢቆጠቁጥህ ምንም አይደል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ከነሳህ ግን አብዝተኸዋል ማለት ነው። እጁን ደብቀህ ከተውከው ንክኪ የባሰ እያመመህ ይሄዳል። በኃይል መታሸቱ ግን ይቅርብህ።

ብርዱ ያባብሰዋል፣ ጓንት አድርግ። ከሰል ላይ ግን አታሙቀው፣ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይታወቅህም። መጋዝ ማሽኑ ላይም በጣም ተጠንቀቅ። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ሥጋ እየሰረጎደ ከሄደ፣ ቁልፍ ማዞር ካቃተህ፣ ወይም እጅህ አብጦ ቀለሙ ከተለዋወጠ ሳትዘገይ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የተጨመቀ ነርቭ አንዳንዴ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል።

የሐይቋ፦
ወንድም ዓለም፣ አሏህ ያሽርህ። እኔን ያገኘኝ በመርፌ ነው። ዳሌዬ ላይ ስወጋ ነርቩን ነካውና ግራ እግሬ ይሄው ስንት ዓመት ሆነው። ስለ ሰው አለማመን ያልከው ልቤን ነካኝ። እኔን የረዳኝ ቤተሰቡን ሰብስቤ ቡና ላይ መናገሬ ነው። በረካው ላይ «ዝም ስል ተቆጥቼ አይደለም፣ እግሬ ነው» አልኳቸው። ከዚያ ምልክት አበጀን፣ ቀይ ሻሽ ካሰርኩ ያን ቀን ብሶብኛል ማለት ነው። ትንሿ ልጄ እንኳ ታውቃለች። ማንም አይጠይቀኝም፣ እኔም አላስረዳም። እንዴት እንደሚያቀል አትጠይቀኝ።

ሌላው፣ ደህና በሆንክ ቀን ያልሠራኸውን ሁሉ ልሥራ ብለህ አትነሳ። በጥሩ ቀን ከአቅም በላይ ሠርቶ በማግስቱ መውደቅ ነው ሰውን የሚጨርሰው። እኔ እንጀራ ስጋግር የተወሰነ ጋግሬ ሳያመኝ በፊት ቁጭ እላለሁ። ካመመኝ በኋላማ ማረፉም አይረዳኝም። ከቡና ደግሞ አትቅር። አቅም ካጣህ አቦሉን ጠጥተህ ተነስ፣ ብቻ ሂድ። ዱዓውንም ጸበሉንም አትተው፣ ኪኒኑንም አትተው፣ ወሎ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ ያውቅበታል። ሌሊት «ባልነጋ» የሚያሰኝ ሐሳብ ከመጣብህ ግን ለብቻህ አትያዘው። ሚስትህን ቀስቅሳት፣ ሐኪምህ ዘንድ ይዛህ ትሂድ። እኔም ያን ሐሳብ አውቀዋለሁ፣ ህመሙ የሚያመጣው ነው፣ ይታከማል።

አንድ እግር፦
እኔ ቀኝ እግሬ ከጉልበት በታች የለም፣ የሌለው እግሬ ጣት ግን ያሳክከኛል፣ ይቆረጥመኛል። ለማን ይነገራል? ደሴ ያለው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ሰው ሠራሽ እግር ሲሠራልኝ ነው የብዙ ሰው ህመም መሆኑን ያወቅኩት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.)፣ ሲላስ ዌር ሚቸል የሚባል ሐኪም ነርቫቸው በጥይት የተጎዳ ወታደሮችን አክሞ ቁስላቸው ከሻረ በኋላ ስለሚያነዳቸው ህመም ጽፏል። ማቃጠሉን ለማብረድ እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ ነበር። ይሄን ሳነብ ብቻዬን አለመሆኔን አውቄ ቀለለኝ። እኔን የጠቀመኝ መስታወት ነው፣ ደህናውን እግሬን በመስታወት እያየሁ ማንቀሳቀስ። ላንተ ይሁን አይሁን ፊዚዮውን ጠይቀው።

ፋርማሲስት ነኝ፦
አሚትሪፕቲሊን ለድብርት የተሠራ መድኃኒት ነው፣ እውነት ነው። ለነርቭ ህመም ግን ከዚያ ባነሰ መጠን ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ በ10 ወይም በ25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ይጀመራል። አብደሃል ተብሎ አይደለም፣ እናትህን አረጋጋቸው። በአንድ ሌሊት ለውጥ አትጠብቅ፣ ሳምንታት ይወስዳል። አፍ ያደርቃል፣ ያስተኛል፣ ሆድም ያደርቃል። የልብ ህመም፣ የዓይን ግፊት ወይም ሽንት አልወጣ የማለት ችግር ካለብህ ለሐኪሙ ንገረው። እሱ ካልሆነልህ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን አሉ፣ ግን በድንገት አይቋረጡም። የቫይታሚን ቢ መርፌ በየሳምንቱ ውጋኝ እያልክ አትዙር፣ ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

አናጺው ከደሴ፦
ሁላችሁንም አሏህ ይስጥልኝ። አሁን የት እንዳመመኝ በስሙ አወቅኩት። እንግዲህ ዛሬ ማታ እጀምረዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ፣ ረመዳን ሲመጣ እንዴት ልውሰደው? ከጓደኛ ጋር ስሆን ጫትም አልፎ አልፎ አለ።

ፋርማሲስት ነኝ፦
አሚትሪፕቲሊን በቀን አንዴ ማታ ስለሆነ ከኢፍጣር በኋላ ትወስደዋለህ፣ ጾሙን አይነካብህም። ጋባፔንቲን ቢሆን በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚወሰድ ሰዓቱን አስቀድመህ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነበረብህ። ጫቱን ግን ተወው፣ መድኃኒቱ ሊያስተኛህ ሲል እሱ ያነቃሃል፣ ልብህንም ሁለቱ በአንድነት ያስመቱታል። ጠዋት ድብት ካለብህ ሰዓቱን ወደ መግሪብ ገደማ አቅርበው፣ እስክትለምደው ድረስም መጋዙን ሌላ ሰው ይያዝልህ። ኪኒኑን ከልጆች አርቀህ ቆልፍበት፣ ለትንሽ ልጅ ጥቂቱም አደገኛ ነው።