የድራኩላ ዝምታ ፊልሙን ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

ዳዊት፦
የእንግሊዙ ሃመር የፊልም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣውን «ድራኩላ፦ የጨለማው ልዑል» ትናንት ማታ ደግሜ አየሁት። ስለ ደም መጣጩ መስፍን የተሠራው የ1958ቱ «ድራኩላ» ተከታይ ነው፤ ዳይሬክተሩም ያው ቴሬንስ ፊሸር ነው። ድራኩላን የሚጫወተው ክሪስቶፈር ሊ በዚህ ፊልም ውስጥ አንዲት ቃል እንኳ አይናገርም። ያፈጣል፣ ጥርሱን ያገጥጣል፣ እንደ እባብ ይተነፍሳል፤ በቃ። ይህ ዝምታ ፊልሙን አደኽይቶታል ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሕሊና፦
እኔ ደግሞ ያቆመው ዝምታው ነው እላለሁ። ድራኩላ እስከ ፊልሙ እኩሌታ ገደማ አይታይም። ሁለት እንግሊዛውያን ባልና ሚስቶች በካርፓቲያን ተራሮች ሲጓዙ ባለሰረገላው መንገድ ላይ ጥሏቸው ይሄዳል፤ ነጂ የሌለው ሌላ ሰረገላ መጥቶ ወደ ግንቡ ይወስዳቸዋል። ገበታው ለአራት ሰው ተሰናድቶ ይጠብቃቸዋል። ሌሊት አሽከሩ ክሎቭ አንደኛውን ባል፣ አለንን፣ በጩቤ ወግቶ ቁልቁል ይሰቅለውና ደሙን በጌታው በድራኩላ አመድ ላይ ያፈሰዋል። በደም ከአመድ የተነሣ ፍጡር ምን ብሎ እንዲናገር ትፈልጋለህ?

ጋሽ ተስፋዬ፦
ልጆች፣ ዝምታው ታስቦበት የተደረገ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ሊ በየቃለ መጠይቁ የተጻፈለት ንግግር አስቀያሚ ስለነበር አልናገርም ማለቱን ይተርክ ነበር። ጸሐፊው ጂሚ ሳንግስተር ደግሞ «መጀመሪያውኑ ለድራኩላ ምንም ንግግር አልጻፍኩም» ባይ ነው። ሳንግስተር ስሙ በፊልሙ ላይ እንዲወጣ እንኳ አልፈለገም፤ የወጣው ጆን ሳንሶም በሚል የብዕር ስም ነው። በሁለቱ መካከል ፈራጅ ለመሆን አልደፍርም።

ዳዊት፦
ጋሽ ተስፋዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማንም ይወስነው ማን፣ ጉዳቱን ግን እናያለን። በ1958ቱም ፊልም ሊ ብዙ አልተናገረም፤ የተናገረው መጀመሪያ ላይ ወደ ግንቡ የመጣውን እንግዳ፣ ሃርከርን፣ ሲቀበል ነው። ግን ያ ትሕትናው፣ ያ የጨዋ ሰው አቀባበሉ ነበር በኋላ ደም በለበሰ አፍ ሲመጣ ያስደነገጠን። በዚህኛው እንግዳ ተቀባዩ ክሎቭ ሆነ። «ጌታዬ ከሞቱም በኋላ ቤታቸው ለእንግዳ ዝግጁ እንዲሆን አዘዋል» የሚለው እሱ ነው። ፊልሙ የድራኩላን ግማሽ ሰውነት ለአሽከሩ አስረከበው፤ ለጌታው የቀረው ካባውና ጥርሱ ብቻ ነው።

ማርታ፦
ስለ ድራኩላ ብቻ መከራከራችሁ ያሳዝነኛል። የዚህ ፊልም ልብ የአለን ሚስት ሄለን ናት፤ የተጫወተቻት ባርባራ ሼሊ ናት። ከአራቱ መንገደኞች አደጋውን ያሸተተችው እሷ ብቻ ናት፤ ነጭናጫ ተብላ ሳትሰማ ቀረች። ከተነከሰች በኋላ ፀጉሯ ተፈትቶ፣ ፊቷ በርቶ ስትመጣ ሌላ ሴት ናት። በመጨረሻም በአንድ ገዳም መነኮሳት በጠረጴዛ ላይ ጨምድደው ይዘው ችንካሩን ደረቷ ላይ ይመቱባታል። ተይዞ እንደሚታገል እንስሳ ናት። ማንን እንደምፈራ የተምታታብኝ እዚያ ላይ ነው፤ ፊሸር ያንን ማድረጉን ከድራኩላ ዝምታ ጋር አላወዳድረውም።

ብሩክ፦
ማርታ ልክ ናት፤ ግን ሌላውን ድክመት አትሸፍኑት። በ1958ቱ ፊልም የድራኩላን አዳኝ ቫን ሄልሲንግን የተጫወተው ፒተር ኩሺንግ በአዲስ ቀረጻ የለም፤ መግቢያው ላይ የምናየው ከ1958ቱ የተወሰደ የፍጻሜ ትዕይንት ነው። በቦታው የመጣው አባ ሳንዶር ነው። አንድሩ ኪር በደንብ ተጫውቶታል፤ ጠመንጃ የያዘ፣ ቆጣ የሚል፣ በመጠጥ ቤቱ እሳት ፊት ቀሚሱን ገልቦ ጀርባውን የሚያሞቅ መነኩሴ። ይሁን እንጂ ከድራኩላ ጋር ፊት ለፊት የሚገጥመው እሱ አይደለም፤ ሁለተኛው ባል፣ የአለን ወንድም ቻርልስ ነው። ቻርልስ ደግሞ ለዚያ አይመጥንም። ፍጻሜው በረዶ ላይ ሆኖ በጥይት በረዶውን ሰብሮ ውኃውን መክፈት! ድራኩላ በወራጅ ውኃ ይሞታል የሚለው ከመጨረሻው ጥቂት ቀደም ብሎ ተነግሮን ወዲያው መፍትሔ ሆነ።

ሕሊና፦
ብሩክ፣ በውኃው ነገር ተረትቻለሁ፤ ቀደም ብሎ ሊዘራ ይገባው ነበር። ዳዊት ግን ስለ እንግዳ አቀባበሉ ያነሣኸው አስቸገረኝ። ስለ ክሎቭ ያልኸውን ይዤ ፊልሙን ዛሬ ማታ እንደገና አየዋለሁ። ድራኩላ የቻርልስን ሚስት ዲያናን፣ ደረቱን ቧጥጦ ደሙን እንድትጠጣ ሲጠራት ግን ተመልከት፤ አንዲት ጥሪ ቃል ቢጨምርበት ኖሮ በዓይኑ ብቻ ተጎትታ መሄዷ ይጠፋ ነበር። በዚህ አልለወጥም።