የ250 ሰው የቤተ ዘመድ ጉባኤ፦ የቦታ መረጣ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ ቤተ ዘመድ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? የተመዘገበው ሰው 250 ደርሷል፤ ከእነዚህ 40ው ሙስሊም ወገኖቻችን ናቸው። ለጠቅላላው ስብሰባ አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ አለብን። በእጃችን ያሉት አማራጮች አዲስ አበባ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር፣ ወይም ለክረምት የተዘጋ ትምህርት ቤት ግቢ ከድንኳን ጋር ናቸው። ቀኑ ነሐሴ 24 ቀን 2018 እሑድ ተብሎ ተይዟል። የሚስተካከል ካለ አስተካክሉ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሆቴሉን በመጀመሪያ የሚነግሩን ዋጋ አንመዝነው። በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ቢሉን 10 በመቶ የአገልግሎት ሲጨመርበት 1,100፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲያርፍበት 1,265 ይሆናል። ለ250 ሰው ካስያዝን ደግሞ 190 ሰው ቢመጣም ሒሳቡ የ250 ነው። የዘመድ ጉባኤ ላይ ደግሞ የሚቀርም፣ ሳይመዘገብ ልጆቹን ይዞ የሚመጣም አይጠፋም፤ በሰው ቁጥር የሚታሰር ቦታ ለእኛ አይሆንም። ከውጭ ምግብና መጠጥ ማስገባትም አብዛኞቹ አይፈቅዱም። እኔ ድምፄ ለትምህርት ቤቱ ነው።

የትራንስፖርት ኮሚቴ፦ ቢሾፍቱ ይቅር። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። 28 ሰው በሚጭን ኮስተር ብናሰላው 9 መኪና ይፈልጋል፤ ሲመሽ ሁሉም ባንዴ ልሂድ ይላል፣ አዛውንቶቹም ይጉላላሉ።

አንድ አባል፣ ከሜሪላንድ፦ ትምህርት ቤቱን እደግፋለሁ። ቀኑ ከዚያ ወዲያ እንዳይገፋብን ግን አደራ፤ እዚህ የልጆች ትምህርት በነሐሴ አጋማሽና መጨረሻ ላይ ይጀምራል።

የምግብ ኮሚቴ፦ ቀኑ ላይ አንድ ነገር አለ። ነሐሴ 24 የተክለ ሃይማኖት ዓመታዊ በዓል ነው። ዝክር ያላቸው እናቶቻችን ቤታቸውን ጥለው አይመጡም። ወደ ነሐሴ 17 እንዳንመልሰው ፍልሰታ የሚፈታው 16 ነው፤ የዶሮና የበሬ ገበያ የሚሰቀለው ያኔ ነው። ቅዳሜ 23 ይሁን።

ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ ዋዜማው ዓርብ ነው፤ ሠሪዎቹ ጾመኛ ስለሆኑ የፍስክ ወጥ አይቀምሱም። ሳይቀመስ የተሠራ ዶሮ ወጥ ጨው ይበዛበታል ወይም ያንሰዋል። ስለዚህ ዓርብ ቁሌቱን በዘይት ብቻ አብስለን፣ በርበሬውን አቁላልተን እንጨርስ፤ የጾም ስለሆነ በሰዓቱ ይቀመሳል። ዶሮውና ቅቤው ቅዳሜ ሌሊት 10 ሰዓት ይግቡ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ነው፤ ለ210 ሰው 18፣ ለ40ው 4፣ በድምሩ 22 ዶሮ። እንቁላል 260፣ እንጀራ 650።

የሙስሊም ወገኖቻችን ምግብ ከእርዱ ጀምሮ ለብቻው ይሆናል፦ አራጁ፣ ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው፣ ማቅረቢያው። አንድ ጭልፋ ከተቀላቀለ ምግቡ በሙሉ ይበላሽባቸዋል። ስለዚህ ግቢው ሁለት የተራራቁ ማብሰያ ቦታዎች ሊኖሩት ይገባል፤ ይህን ከቦታ መምረጫው ውስጥ አስገቡልኝ።

የድንኳንና ዕቃ ኮሚቴ፦ እትዬ፣ ገብቷል፤ ሁለቱንም ማብሰያ ከነፋሱ በታች አድርጌ እለያቸዋለሁ። አሁን ወደ ድንኳኑ። ከነጠረጴዛው ለአንድ ሰው 1.5 ካሬ ሜትር ብንይዝ 375 ካሬ ይሆናል፤ 10 በ20 የሆኑ ሁለት ድንኳኖች 400 ይሰጡናል። አባል የሆንበት ዕድር ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ከገበያው ባነሰ ያከራያል፤ ግን ለቅሶ ከደረሰ ለሐዘንተኛው ይሰጣል፣ መሆንም ያለበት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ለመጠባበቂያ አንድ አከራይ በትንሽ ቀብድ እንያዝ።

ሣሩ ሜዳ ላይ አንትከል። በነሐሴ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ ካስማ አይዝም። የባንዲራ መስቀያው ሲሚንቶ ሜዳ ይሻላል፤ እዚያ ካስማ ስለማይገባ ገመዱን 200 ሊትር ውሃ በተሞላ በርሜል ላይ እናስራለን። ሸራው ከረገበ ውሃ ይቋጥርና ባንዴ ሰው ላይ ይገለበጣል። ሁለቱ ድንኳኖች የሚገናኙበት መስመር ሁልጊዜ ያፈሳል፤ ከሥሩ አሸንዳ ይደረግ፣ የምግብ ጠረጴዛም ከዚያ ይራቅ። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ምሳ 6 ሰዓት ይቅረብ፣ 10 ሰዓት ላይ እንበተን።

ውሃ በነፍስ ወከፍ 10 ሊትር ብንል 2,500 ሊትር ነው፤ 2,000 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሮቶዎች ዓርብ ይሞሉ። በክረምት የትምህርት ቤት መጸዳጃ ተቆልፎ ስለሚከርም ቀድሞ ተከፍቶ ይታጠብ። ለአዛውንቶቹ ተቀምጠው የሚገለገሉበት ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል።

ገንዘብ ያዥ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግቢው ውስጥ እንዳይሰካ። አንዱ ብቻውን ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ሁለት ከተሰካ መብራቱም ማይኩም ይጠፋል። እንጀራው ተጋግሮ ይምጣ። ለስላሳውን በሳጥን፣ ያልተከፈተው ይመለሳል ከሚል አከፋፋይ እንውሰድ፤ ባዶ ጠርሙስ የሚቆጥር አንድ ሰው ይመደብ፣ የጎደለው ከመያዣችን ይቆረጣል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የጋራው ሐሳብ ይህ ነው፦ «ጉባኤው ቅዳሜ ነሐሴ 23 ቀን 2018 ከጠዋቱ 3 እስከ 10 ሰዓት በትምህርት ቤት ግቢ ይሁን፤ ሁለት ማብሰያ፣ ሁለት ድንኳን፣ ሁለት ሮቶ ይያዝ፤ ቀብድ ከጠቅላላው ኪራይ ከሩብ አይብለጥ።» ለርእሰ መምህሩ የሚጻፈውን ደብዳቤ አዘጋጃለሁ። በነሐሴ መጨረሻ የተማሪ ምዝገባና የክፍል እድሳት ሊኖር ስለሚችል ዕለቱ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ እንጠይቃለን።

የድንኳንና ዕቃ ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ አንድ ይጨመርልኝ፦ «ውል ከመፈረሙ በፊት ግቢው ዝናብ ባለበት ቀን ይታይ።» ሲሚንቶው ላይ ውሃው ወዴት እንደሚወርድ የሚታወቀው ያኔ ብቻ ነው።

ጸሐፊ፦ ተጨምሯል። ሐምሌ እንደገባ ከምግብ ኮሚቴው ጋር ሄዳችሁ እዩት።