በብልት ምርመራ የባክቴሪያ ስም ሲወጣ መድኃኒት መጀመር ይገባል?

ጥያቄ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ለመውለድ እያሰብን ስለሆነ ናሙናዬ አዲስ አበባ ተልኮ የብልት ባክቴሪያ ምርመራ ተሠራልኝ። ውጤቱ በብዛት ላክቶባሲለስ ሲሆን ጋርድኔሬላና ዩሪያፕላዝማ ፓርቩምም ተገኝተዋል። ማሳከክም ሆነ ሽታ የለኝም፣ ፈሳሼም አልተለወጠም። አንድ ፋርማሲ ግን ሁለት ዓይነት ፀረ ባክቴሪያ እንድወስድ መከረኝ። ልጀምር ወይስ ልተወው?

መልስ፣ አዋላጅ ነርስ፣ ሸዋ ሮቢት፦
እህቴ፣ አይጀምሩ። ጋርድኔሬላ ጤናማ በሆኑ ብዙ ሴቶች ላይም ይገኛል። ባክቴሪያል ቫጂኖሲስ የሚባለው የብልት ሕመም የሚመጣው ጠቃሚው ባክቴሪያ ላክቶባሲለስ ተመናምኖ ሌሎቹ ሲበዙ ነው፤ ይህንንም የምንለየው ከ4ቱ ምልክቶች ቢያንስ 3ቱ ሲገኙ ነው፦ ቀጭንና ነጣ ያለ ፈሳሽ፣ ከ4.5 በላይ የሆነ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ)፣ ፈሳሹ ላይ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለ ኬሚካል ሲንጠባጠብ የሚወጣ የዓሣ ሽታ፣ እንዲሁም በማይክሮስኮፕ የሚታዩ በባክቴሪያ የተሸፈኑ ሕዋሳት። ለዚህ ማይክሮስኮፕ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ ናሙናውን አዲስ አበባ ድረስ መላክ አያስፈልግም ነበር። ሕመሙ ከተረጋገጠ ሐኪም ሜትሮኒዳዞል 500 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ ለ7 ቀን ሊያዝ ይችላል። ውስጡን በሳሙና ወይም በሎሚ መታጠብ ግን ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ስለሚጎዳ ይተዉት።

መልስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
በአዋላጇ ሐሳብ እስማማለሁ። እንዲህ ያለው ምርመራ የባክቴሪያውን ዘረመል ስለሚፈልግ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ያገኘዋል፤ መገኘቱ ግን ጉዳት ማድረሱን አያሳይም። ዩሪያፕላዝማ ፓርቩምን ምልክት በሌላት ሴት ላይ መመርመርም ማከምም አይመከርም። በግብረ ሥጋ የሚተላለፉት ጨብጥ፣ ክላሚዲያና ትሪኮሞናስ ግን ምልክት ባይኖርም ከባል ጋር መታከም አለባቸው።

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ፦
እኔ ነፍሰ ጡር ሳለሁ ቢ ግሩፕ ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኝቶብኝ ሳለ ሐኪሙ «መድኃኒቱን ምጥ ሲጀምርሽ እንሰጥሻለን» ብሎ መለሰኝ። ይህስ ትክክል ነው?

መልስ፣ የማህፀን ሐኪም፦
ትክክል ነው። አስቀድሞ ቢታከም ከመውለድዎ በፊት ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሕፃኑን የሚጠብቀው በምጥ ጊዜ በደም ሥር የሚሰጠው ፔኒሲሊን ነው። ባክቴሪያው በሽንት በብዛት ከተገኘ ግን ወዲያውኑ ይታከማል፣ በምጥ ጊዜም መድኃኒቱ ይሰጣል።

ጠያቂዋ፣ ከደብረ ብርሃን፦
አመሰግናለሁ፣ መድኃኒቱን አልገዛም። በውጤት ወረቀቱ ላይ ጨብጥና ክላሚዲያ አልተካተቱም።

መልስ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፦
እንግዲያውስ ከማርገዝዎ በፊት ሁለቱን ከቂጥኝና ከኤችአይቪ ምርመራ ጋር ያሠሩ፤ ባለቤትዎም አብረው ይምጡ።