የ7 ወር ልጃችን ግራ ዓይን ቀዶ ጥገና ያስፈልገው ይሆን?

የ7 ወር ሴት ልጃችን የግራ ዓይኗ ከቀኙ አነስ ያለ ሲሆን ብሌኑም ነጥቶ ይታያል። አልትራሳውንድ ሲነሳ፣ በፅንስነት ሌንሱን የሚመግበውና ከመወለድ በፊት መክሰም የነበረበት የደም ሥር ሳይጠፋ ቀርቶ ከዓይን ነርቭ እስከ ሌንሱ ጀርባ እንደ ገመድ ተዘርግቶ ተገኘ፤ ከሁሉ በላይ ያስፈራን የሬቲና (ብርሃን የሚቀበለው የዓይን የውስጠኛው ጀርባ ሽፋን) ካንሰር ግን አለመሆኑን ሐኪሞቹ አረጋግጠውልናል። ጤናማውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ብንሸፍንም፣ የግራው ሌንስ በሞራ ስለተጋረደ ብርሃን እንኳ ስትከተል አላየንም። አንዱ ሐኪም እይታ የሚዳብረው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ ቶሎ ቀዶ ጥገና ይደረግላት ሲሉ፣ ሌላዋ ደግሞ ሬቲናው በደም ሥሩ ስለተሳበ ግላኮማን (የዓይን ግፊት ጨምሮ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ) ከመከላከል ያለፈ ጥቅም አይኖረውም ይላሉ። ሬቲናው እንዲህ የተሳበበትን ልጃችሁን ቀዶ ጥገና ያስደረጋችሁ ወላጆች፣ በቀዶ ጥገናው በወጣው ሌንስ ምትክ በሚደረግ ኮንታክት ሌንስና ጤናማውን ዓይን በመሸፈን ልጁ ከጊዜ በኋላ ምን ያህል ማየት ቻለ?