የሰመር ጉዞ ረቂቅ፦ ከቶሮንቶ እስከ ቫንኩቨር (እስከ እሑድ ሐሳብ ስጡ)

ጸሐፊ፦ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የማቀርበው ይኼ ነው። ልጆቻችን የካናዳ ፓስፖርት ይዘዋል፤ ከ401 አውራ ጎዳና ወዲያ ያለውን አገር ግን አያውቁትም። በሁለት ቫን ተነስተን በዊኒፔግ አድርገን ቫንኩቨር እንግባ። 4,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዊኒፔግ በፎክሎራማ ሰሞን እንድንደርስ አስቤያለሁ። ከ1970 ጀምሮ በኦገስት ሁለት ሳምንት የሚከበር በዓል ነው። ፊሊፒኖው፣ ዩክሬኑ፣ ሜቲሱ፣ ሁሉም የየራሱን አዳራሽ ይዞ ምግቡንና ጭፈራውን ያሳያል። ግማሹን ወጪ ካዝናው ይሸፍን።

ገንዘብ ያዥ፦ ካዝናው ውስጥ ያለው የቀብር ገንዘብ ነው። አስከሬን አገር ቤት መላክ ስንት እንደሚፈጅ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እሱን አልነካም። የመዝናኛው ሂሳብ ሌላ ነው፤ እሱም ላይ የእንቁጣጣሽ አዳራሽ ኪራይ አለ። ቁጥር አምጡ።

ነጂው፦ አንዱን ቫን እኔ እይዛለሁ። መንገዱን በጭነት መኪና አውቀዋለሁ። እስከ ሱ ሴንት ማሪ 700 ገደማ፣ ከዚያ ተንደር ቤይ ሌላ 700፣ ከዚያ ዊኒፔግ ሌላ 700። ኦንታሪዮን ለመውጣት ብቻ ሁለት ሌሊት ታድራላችሁ። ኦንታሪዮ ብቻዋን ኢትዮጵያን ልታክል ምንም አልቀራት። ማታ ግን አልነዳም። ሙስ የሚሉት ትልቁ አጋዘን መንገድ ላይ ይቆማል። ቁመቱ ረጅም ስለሆነ መብራትህ እግሩ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ዓይኑ አያብረቀርቅልህም። ስታየው ከመስታወትህ ፊት ነው።

ነርሷ፦ በአሜሪካ፣ በሚቺጋንና በሚኒሶታ በኩል አያጥርም?

ገንዘብ ያዥ፦ የስደት ኬዛቸው ያላለቀ አባላት አሉን። ድንበር የሚባል ነገር አታንሱ።

የማሂ እናት፦ ኦገስት 7 ፍልሰታ ይገባል። ይኼን ማንም አላየም? ምግብ ለመቅመስ ያን ሁሉ መንገድ ሄደን፣ ሰው ሲበላ ቆመን ልናይ ነው?

የዳንፎርዝ ልጅ፦ የአትክልት ምግብ የሌለበት አዳራሽ የለም እኮ። የሚጾም ይጹም፣ የሚበላ ይብላ።

የማሂ እናት፦ አትክልት ነው ማለት ቅቤ የለውም ማለት አይደለም። ማሂ ፍልሰታን ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ጾማለች። በየአዳራሹ በር ላይ «ይኼ ወተት አለው?» እያለች እንድትለምን አልፈልግም። ቅዳሴውስ?

ነርሷ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ እንይዛለን። እንጀራው በፌስታል ከታሰረ ያልበዋል፣ በማግሥቱ ይሻግታል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ኩለር ውስጥ ይግባ።

የዳንፎርዝ ልጅ፦ አገር ልናይ ነው ወይስ ስንቅ ልንቋጥር? ይኼ የጋራ ማኅበር ነው ወይስ ሰንበቴ?

መምህር፦ ሰንበቴን እንደ ስድብ አታንሳው። ይኼ ማኅበር ሲመሠረት አዳራሽ የመከራየት አቅም አልነበረንም። የተሰበሰብነው በሰንበቴው ምድር ቤት ነው።

የማሂ እናት፦ ስሜን ሰርዙት። የማሂንም።

የዳንፎርዝ ልጅ፦ እትዬ፣ እርስዎን አላልኩም። ይመለሱ። እርስዎ ከሌሉ ወጥ የሚሠራልን የለም።

ሰሚራ፦ በረመዳን ጉዞ ብታወጡ ዝም አልልም ነበር፤ ስለዚህ የማሂ እናት ልክ ናት። የእኔንም ግን ጻፉት። ባለፈው ፒክኒክ ሁሉም ነገር አንድ ግሪል ላይ ተጠበሰ። ልጆቼ ዳቦ በልተው ተመለሱ። ለሐላል የተለየ ግሪል ካልተገዛ እኔም አልመጣም።

ነርሷ፦ በባቡርስ? የቪያ ሬይሉ ካናዲያን አራት ሌሊት ሄዶ ቫንኩቨር ያደርሳል። ማንም አይደክምም።

ነጂው፦ ካልጋሪን አይነካም። በኤድመንተንና በጃስፐር ነው የሚያልፈው። ሐዲዱ የጭነት ባቡሮቹ ስለሆነ ለእነሱ ቆሞ ያሳልፋል፤ በሰዓቱ ይደርሳል ብላችሁ ሆቴል አትያዙ። የግሬይሃውንድ አውቶቡስም የለም፤ በ2018 ምዕራቡን፣ በ2021 የቀረውን ዘግቷል።

የማሂ እናት፦ ካልጋሪ ካልተነካ እህቴን አላገኛትም። እኔ የተመለስኩት ለእሷ ብዬ ነበር።

ጸሐፊ፦ እሺ፣ ወደ ጁላይ 1 እናምጣው። ፎክሎራማ ይቀራል። በካናዳ ቀን ኦታዋ ላይ ርችት አይተን ወደ ምዕራብ እንቀጥላለን።

መምህር፦ ጁላይ 1 ሰኔ 24 ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው።

የዳንፎርዝ ልጅ፦ እሱ የቄሶች ጾም ነው!

የማሂ እናት፦ የቄሶች የሚባል ጾም የለም። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱ ነው።

መምህር፦ ነፃው ጊዜ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 ነው። ፎክሎራማ በኦገስት መጀመሪያ ከገባ ጾሙ ሳይገባ ጥቂት ቀን ይገኛል። ግማሾቹ አዳራሾች በመጀመሪያው ሳምንት፣ ግማሾቹ በሁለተኛው ነው የሚከፈቱት። የመጀመሪያዎቹን አይተን እንመለስ። ቫንኩቨር ለሌላ ዓመት ይቆይ።

ጸሐፊ፦ ይኼ ያስኬዳል። ነጂው፣ በዚያ ሳምንት ትችላለህ?

ጸሐፊ፦ ነጂው?

ነርሷ፦ ሎድ ይዞ ወጥቷል አሉ። ስልኩም አይነሳም። ሁለተኛውን ቫን ማን ይይዛል?

ገንዘብ ያዥ፦ ማንም እጁን አላወጣም። ስለዚህ በአቅማችን እናስብ። ኦታዋ 450 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ ቀን ይገባል፣ ሁሉም በራሱ መኪና ይነዳል። ከፓርላማው ማዶ ጋቲኖ ላይ የታሪክ ሙዚየሙ አለ። የምዕራብ ጠረፍ ቀደምት ሕዝቦች የጠረቧቸው ረጃጅም ግንዶች አዳራሹ ውስጥ ቆመዋል። ምዕራቡን ልጆቹ እዚያ ያዩታል። ማግሥቱን ሞንትሪያል። ይኼን ከመዝናኛው ሂሳብ እከፍላለሁ።

የዳንፎርዝ ልጅ፦ ኦታዋን በትምህርት ቤት ሦስቴ ሄደውበታል! ግንድ አይቶ ምዕራቡን አየሁ የሚል ልጅ የለም። የዊኒፔጉ ቁም ነገር ልጆቹ የሌላውን ሕዝብ በቤቱ፣ በማዕዱ እንዲያዩት ነበር። እኔ እዚህ አገር ነው ያደግኩት፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አብሬው የተማርኩትን የፊሊፒኖ ልጅ ቤቱ ገብቼ አላውቅም።

መምህር፦ ልጁ ልክ ነው። ቢያንስ ረቂቁ ላይ «በሚቀጥለው ዓመት ዊኒፔግ» ተብሎ ይስፈር።

ገንዘብ ያዥ፦ ይስፈር፤ ገንዘብ ግን አልመድብም።

ጸሐፊ፦ እሑድ የማቀርበው እንግዲህ፦ ከጁላይ 12 በኋላ ባለው ቅዳሜና እሑድ ኦታዋና ሞንትሪያል፣ ሁለት ግሪል፣ አንድ ትልቅ ብረት ድስት። የማሂ እናት፣ ስምሽን መልሻለሁ።

የማሂ እናት፦ ቅዳሜ ሳይነጋ እንውጣ። የእሑድን ቅዳሴ ኦታዋ እናስቀድሳለን።

ሰሚራ፦ የሐላሉ ግሪል ላይ ምልክት ይደረግበት። ከጉዞ መልስ የሚቀመጠውስ ማን ጋራዥ ነው? የእኔ ሞልቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ የእኔም ሞልቷል። ቦታ ያለው ሳይገኝ አልገዛም።